«ልጄ ተከትቧል፤ ታዲያ ጆሮ ደግፍ ለምን ያዘው?» የምራቅ ዕጢ እብጠት፣ የክትባት መርሐ ግብራችን እና የተገልጋዩ ድርሻ

በመዋዕለ ሕፃናትና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንድ ልጅ ጉንጩ አብጦ ሲታይ፣ ከሁለትና ከሦስት ሳምንታት በኋላ ደግሞ የክፍል ጓደኞቹ በተራ ተመሳሳይ ምልክት ሲያሳዩ መመልከት ለብዙ ወላጆችና መምህራን እንግዳ ነገር አይደለም። በዚህ ጊዜ ወደ ጤና ተቋማት የሚመጡ ወላጆች ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ጥያቄ አለ። ልጁ የክትባት ካርዱን ጨርሷል፤ የኩፍኝ ክትባትም በዘጠኝ ወሩና በአሥራ አምስት ወሩ ወስዷል፤ ታዲያ ይህ በሽታ ለምን ያዘው? ክትባቱ ሳይሠራ ቀርቶ ነውን?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ግልጽ መልስም ይገባዋል። ክትባቱ አልከሸፈም። በአገራችን በመደበኛው የክትባት መርሐ ግብር የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባት ኩፍኝን እንጂ ጆሮ ደግፍን አይከላከልም፤ የጆሮ ደግፍ ክትባትም በመደበኛው መርሐ ግብር ውስጥ የተካተተ አይደለም። ይህ መልስ ግን ሌሎች ጥያቄዎችን ያስከትላል። ለምን አልተካተተም? በሽታው ምን ያህል ያሰጋል? ተገልጋዩ እስከዚያው ምን ማድረግ ይችላል? ይህ ጽሑፍ እነዚህን ነጥቦች በቅደም ተከተል ለማብራራት የተዘጋጀ ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

የሰው ልጅ ምራቅ የሚያመነጩ ሦስት ጥንድ ዋና ዋና ዕጢዎች አሉት። ትልቁ ጥንድ ከጆሮ ፊትና ሥር፣ ሁለተኛው ከመንጋጋ ሥር፣ ሦስተኛው ከምላስ ሥር ይገኛል። ጆሮ ደግፍ በቫይረስ የሚመጣ ተላላፊ በሽታ ሲሆን በአብዛኛው የሚያጠቃው ከጆሮ ሥር ያለውን ዕጢ ነው። ዕጢው ሲቆጣና ሲያብጥ የጆሮውን ጫፍ ወደ ላይና ወደ ውጭ ይገፋዋል፤ የመንጋጋው ማዕዘንም በእብጠቱ ይሸፈናል። አበው ለበሽታው ያወጡለት ስም ይህንኑ የሚገልጽ ነው፤ እብጠቱ ጆሮን ከሥር ደግፎ የያዘ ይመስላልና።

ቫይረሱ የሚተላለፈው በምራቅ፣ በሳልና በማስነጠስ በሚወጡ ፍንጣቂዎች እንዲሁም ኩባያና ማንኪያ በጋራ በመጠቀም ነው። ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ብዙውን ጊዜ ከ16 እስከ 18 ቀናት ይወስዳል፤ ከ12 ቀናት ሊያንስ ወይም ከ25 ቀናት ሊበልጥ የሚችለው ከስንት አንዴ ነው። በመጀመሪያ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ድካምና የምግብ ፍላጎት መቀነስ ይታያል፤ ቀጥሎም አንዱ ወይም ሁለቱም ጉንጮች ያብጣሉ። ታማሚው በተለይ ሲያኝክና ኮምጣጣ ነገር ሲቀምስ ሕመሙ ይጠናበታል፤ ምክንያቱም ኮምጣጣ ምግብ የተቆጣው ዕጢ ምራቅ እንዲያመነጭ ያስገድደዋል።

በሽታውን ለመቆጣጠር አስቸጋሪ የሚያደርጉት ሁለት ባሕርያት ናቸው። የመጀመሪያው፣ ታማሚው እብጠቱ ከመታየቱ ከሁለት ቀናት ገደማ በፊት ጀምሮ ወደ ሌሎች ማስተላለፍ መቻሉ ነው። ሁለተኛው፣ በቫይረሱ ከተያዙ ሰዎች መካከል ቀላል የማይባሉት የዕጢ እብጠት ሳያሳዩ፣ እንደ ተራ ጉንፋን ብቻ ታመው ወይም ምንም ሳይሰማቸው በሽታውን ማሳለፋቸው ነው። ስለዚህ «ያበጠውን ልጅ ብቻ መለየት» ይጠቅማል እንጂ ብቻውን ሥርጭቱን አይገታም።

«ቀላል የልጆች በሽታ» የሚለው አመለካከት

ጆሮ ደግፍ በአብዛኞቹ ሕፃናት ላይ በአንድ ሳምንት ገደማ በራሱ የሚጠፋና ለሞት የሚዳርገውም እጅግ ከስንት አንዴ የሆነ በሽታ ነው። ማኅበረሰቡ በቀላሉ የሚያየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ የበሽታው ክብደት በታማሚው ዕድሜ ይለያያል፤ የጉዳዩ ቁም ነገርም ያለው እዚህ ላይ ነው።

ለአካለ መጠን ከደረሱና ክትባት ካልወሰዱ ወንዶች መካከል እስከ 30 በመቶ የሚደርሱት የዘር ፍሬ እብጠትና ከባድ ሕመም ያጋጥማቸዋል። ይህ የሚከሰተው አብዛኛውን ጊዜ ጉንጩ ካበጠ በኋላ ባለው አንድ ሳምንት ገደማ፣ ብዙ ጊዜም በአንድ ወገን ነው። ፍጹም መካንነት የሚያስከትለው ከስንት አንዴ ቢሆንም የዘር ፍሬ መጠን መቀነስ ሊያስከትል ይችላል። በሴቶች ላይ የእንቁላል ማምረቻ አካልና የጡት መቆጣት ሊያመጣ ይችላል። በሁለቱም ጾታዎች ላይ የአንጎል ሽፋን መቆጣት፣ የቆሽት መቆጣት፣ እጅግ ከስንት አንዴም የአንጎል መቆጣት ይከሰታል።

ሌላው ሳይታወቅ የሚቀር ጉዳት የመስማት ችሎታ ማጣት ነው። የሚያጋጥመው በጣም ከጥቂቶች በአንዱ ቢሆንም ድንገተኛና ብዙ ጊዜ የማይመለስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንድ ጆሮን ብቻ ስለሚያጠቃ ወላጅ አያስተውለውም። ልጁ በክፍል ውስጥ «የማይሰማ» ወይም «የማያዳምጥ» ተብሎ ሲወቀስ ይቆይና ምክንያቱ የሚታወቀው ከዓመታት በኋላ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጆሮ ደግፍ ይዞት የዳነ ልጅ በሁለቱም ጆሮዎቹ በትክክል መስማቱን ማረጋገጥ ወላጅ ሊዘነጋው የማይገባ ጉዳይ ነው።

ክትባቱ እያለ ለምን አልተካተተም?

የጆሮ ደግፍ ክትባት አዲስ ግኝት አይደለም። አሜሪካዊው የክትባት ተመራማሪ ሞሪስ ሂልማን እ.ኤ.አ. በ1963 የገዛ ሴት ልጃቸው በበሽታው በተያዘችበት ጊዜ ከጉሮሮዋ በወሰዱት ናሙና መነሻነት ክትባቱን አዘጋጁ፤ እ.ኤ.አ. በ1967 በአገራቸው ፈቃድ አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ከኩፍኝና ከሩቤላ ክትባቶች ጋር ተጣምሮ በአንድ መርፌ መሰጠት ጀመረ። ከክትባቱ በፊት በዚያች አገር በየዓመቱ 186 ሺህ ገደማ የጆሮ ደግፍ ታማሚዎች ሪፖርት ይደረጉ ነበር፤ በኋላ ቁጥሩ ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል።

ይህን የሚያነብ ወላጅ «ታዲያ እኛ ለምን ዘገየን?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም። መልሱ ከዋጋና ከአቅርቦት ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም፤ ከክትባት ሽፋን ጋርም ጥብቅ ግንኙነት አለው።

በበሽታዎች ሥርጭት ጥናት በሚገባ የታወቀ አንድ ሐቅ አለ። በሕፃንነት ቀላል፣ በጉልምስና ግን ከባድ የሆነ በሽታን የሚከላከል ክትባት ለግማሽ ያህሉ ሕፃናት ብቻ ቢሰጥ ቫይረሱ ከማኅበረሰቡ አይጠፋም፤ ዝውውሩ ግን ይቀንሳል። ያልተከተቡት ልጆች በሕፃንነታቸው ከቫይረሱ ጋር ሳይገናኙ ያድጉና በአሥራዎቹና በሃያዎቹ ዕድሜ፣ በሽታው በሚከብድበት ጊዜ ይያዛሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለበርካታ ዓመታት የጆሮ ደግፍ ክትባትን ለመጀመር የኩፍኝና የሩቤላ ክትባት ሽፋናቸውን ከ80 በመቶ በላይ አድርሰው በዚያው ማቆየት ለሚችሉ አገሮች ሲመክር የቆየውም በዚህ ምክንያት ነው። ግሪክ በሩቤላ ክትባት ያጋጠማት ተመሳሳይ ችግር ለዚህ ማስረጃ ተደርጎ ይጠቀሳል፤ ክትባቱ በዝቅተኛ ሽፋን ለዓመታት ከተሰጠ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1993 በሽታው ነፍሰ ጡር ሴቶችን ደርሶ ጉዳት ያለባቸው ሕፃናት ተወልደዋል።

በአገራችን መደበኛ የክትባት መርሐ ግብር የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መካከል የኩፍኝ ክትባት ያገኙት 54 በመቶ ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. በተካሄደው አነስተኛ ጥናት ይህ አኃዝ ወደ 59 በመቶ ገደማ ከፍ ብሏል። በዚያው ዓመት ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በአሥራ አምስት ወር ዕድሜ መሰጠት ተጀምሯል። ዕድገት መኖሩ እውነት ነው፤ አኃዙ ከ80 በመቶ በታች መሆኑም እንዲሁ እውነት ነው። ኩፍኝ ሕፃናትን የሚገድል በሽታ ስለሆነ ቅድሚያ መሰጠቱ ተገቢ ነው፤ የጆሮ ደግፍ ክትባትን በጠንካራ መሠረት ላይ ለመጀመርም መንገዱ የሚያልፈው በዚሁ በኩፍኝ ክትባት ሽፋን በኩል ነው።

ከዚህ የምንረዳው ልጁን ለሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በአሥራ አምስት ወሩ የሚያመጣ ወላጅ ልጁን ከኩፍኝ ከመጠበቁም በላይ አገሪቱ ሌሎች ክትባቶችን ለመጨመር የሚያስችላትን አቅም በመገንባት ረገድ ድርሻ እንዳለው ነው። ብዙ ልጆች የሚጎድሉትም በዚሁ በሁለተኛው ዙር ነው፤ ልጁ ዓመት ካለፈው በኋላ ክትባት ያበቃ የሚመስላቸው ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉምና።

ከሌሎች አገሮች የምንማረው

በመግቢያው ላይ የተነሣው የወላጆች ጥያቄ በብሪታንያም ተነሥቶ ነበር። በዚያች አገር ሦስቱን በሽታዎች የሚከላከለው ጥምር ክትባት መሰጠት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 16 ዓመት ለሆኑ ተማሪዎች በዘመቻ የተሰጠው ክትባት ግን ኩፍኝንና ሩቤላን እንጂ ጆሮ ደግፍን የሚከላከል አልነበረም። ከአሥር ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲገቡና በአንድ ማደሪያ ሲሰባሰቡ ወረርሽኙ ተቀሰቀሰ፤ እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝና በዌልስ ብቻ ከ43 ሺህ በላይ ሰዎች በበሽታው መያዛቸው በላቦራቶሪ ተረጋገጠ። ወጣቶቹ «ተከትበናል» ማለታቸው ትክክል ነበር፤ የተከተቡት ግን ለሌላ በሽታ ነበር።

አሜሪካ ደግሞ ሌላ ትምህርት ትሰጠናለች። እ.ኤ.አ. በ2006 በተለይ በመካከለኛው ምዕራብ ግዛቶች በሚገኙ ኮሌጆች ከ6,500 በላይ ሰዎች ሲያዙ ብዙዎቹ ሁለት ጊዜ የተከተቡ ነበሩ። የክትባቱ መከላከያ ከፍተኛ ቢሆንም ሙሉ አይደለም፤ ከዓመታት በኋላም ሊቀንስ ይችላል። በመሆኑም አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2017 በወረርሽኝ ወቅት ለአደጋ ለተጋለጡ ሰዎች ሦስተኛ ክትባት እንዲሰጥ ወስናለች። የተከተቡት ግን ሲታመሙም በአመዛኙ የሚደርስባቸው ተጓዳኝ ጉዳት አነስተኛ ነው።

ከሁለቱም ተሞክሮዎች ለእኛ የሚተርፈው ትምህርት አንድ ነው። ወጣቶች በብዛት በአንድነት በሚያድሩባቸው ስፍራዎች፣ ማለትም በዩኒቨርሲቲ ማደሪያዎች፣ በአዳሪ ትምህርት ቤቶችና በማሠልጠኛ ካምፖች የጆሮ ደግፍ ምልክት ሲታይ እንደ «የልጆች በሽታ» ቸል ሊባል አይገባም።

እብጠት ሁሉ ጆሮ ደግፍ አይደለም

በጆሮና በመንጋጋ ሥር የሚታይ እብጠት ሁሉ ከጆሮ ደግፍ የመጣ ነው ብሎ መደምደም ለስሕተት ይዳርጋል። ተገልጋዩ የሚከተሉትን ልዩነቶች ቢያውቅ በጊዜው ወደ ትክክለኛው አገልግሎት ይደርሳል።

- ሲበሉ ድንገት አብጦ ከምግብ በኋላ ቀስ በቀስ የሚጎድል እብጠት፣ በተለይ ከመንጋጋ ሥር ከሆነ፣ የምራቅ መተላለፊያ ቱቦ በጠጠር መዘጋቱን ሊያመለክት ይችላል። ከምራቅ ዕጢ ጠጠሮች መካከል 80 በመቶ ገደማ የሚፈጠሩት ከመንጋጋ ሥር ባለው ዕጢ ውስጥ ነው።
- ቆዳው ቀልቶ፣ በጣም የሚያምና በአፍ ውስጥ መግል የሚያወጣ እብጠት የባክቴሪያ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ይህ በአረጋውያን፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ባሉና የሰውነት ፈሳሻቸው ባነሰ ሰዎች ላይ ይበዛል፤ በሐኪም የታዘዘ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትም ያስፈልገዋል።
- በአንገት ላይ ለሳምንታት የቆየ፣ ሕመም የሌለው ንፍፊት የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካጀበው የንፍፊት ቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል። በአገራችን ከሳንባ ውጭ የሚከሰት ቲቢ በብዛት የሚታይ በመሆኑ ይህ ነጥብ ልዩ ትኩረት ይሻል።
- በሕፃናት ላይ ከሁለቱም ጆሮዎች ሥር ያለ ሕመም ለረጅም ጊዜ የሚቆይ እብጠት የኤችአይቪ ምርመራ ከሚያስፈልጋቸው ምልክቶች አንዱ ነው።
- በአንድ ወገን ብቻ ቀስ እያለ የሚያድግና ጠጠር ያለ እብጠት ዕባጭ ሊሆን ይችላል። ከጆሮ ሥር ካለው ዕጢ የሚነሡ ዕባጮች አብዛኞቹ ካንሰር ባይሆኑም መመርመር አለባቸው፤ በተለይ ፊት በአንድ ወገን መዛል ከጀመረ ሳይዘገዩ መታየት ያስፈልጋል።
- ከጥርስ ሥር የሚነሣ መግልም ጉንጭንና መንጋጋን ያሳብጣል፤ መፍትሔውም በጥርስ ሕክምና ክፍል ይገኛል።

በቤት፣ በትምህርት ቤትና በጤና ተቋም

ጆሮ ደግፍን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ ሰውነት ራሱ ቫይረሱን እስኪያሸንፍ ሕመሙን ማስታገስ ግን ይቻላል። ታማሚው ዕረፍት ያድርግ፤ ውኃ አብዝቶ ይጠጣ፤ እንደ አጥሚት፣ ሾርባና ለስላሳ ገንፎ ያሉ ብዙ ማኘክ የማይጠይቁ ምግቦችን ይመገብ። ሎሚ፣ ብርቱካንና ሌሎች ኮምጣጣ ነገሮች እስኪሻለው ይቆዩ። ለትኩሳትና ለሕመም ፓራሲታሞል እንደ ክብደቱ መጠን መስጠት ይቻላል፤ አስፕሪን ግን ለሕፃናትና ለአዳጊዎች አይሰጥም።

ሁለት ልማዶች ሊቀሩ ይገባል። አንደኛው፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንቲባዮቲክ ገዝቶ መስጠት ነው። መድኃኒቱ በቫይረስ ላይ አይሠራም፤ የቤተሰቡን ገንዘብ ያባክናል፤ ባክቴሪያዎች መድኃኒት እንዲላመዱ በማድረግም ነገ በእውነት ሲያስፈልግ እንዳይሠራ ያደርጋል። ሁለተኛው፣ እብጠቱን በምላጭ መብጣት ወይም በጋለ ነገር መተኮስ ነው። በዚህ አካባቢ የፊትን እንቅስቃሴ የሚያዝዘው ነርቭ በዕጢው ውስጥ ያልፋል፤ መቁረጡና መተኮሱ ለኢንፌክሽን፣ ለቋሚ ጠባሳና ለፊት መዛል ሊዳርግ ይችላል።

ተማሪው እብጠቱ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ለአምስት ቀናት ከትምህርት ቤት ይቅር። ትምህርት ቤቶችም ለዚህ ጊዜ ተማሪውን በመቅረቱ ሊቀጡት አይገባም፤ ይልቁንም ያመለጠውን ትምህርትና ፈተና የሚያካክስበትን መንገድ ያመቻቹ። ወላጅ ልጁን በሕመሙ ወደ ትምህርት ቤት እንዲልክ የሚያስገድደው ብዙ ጊዜ የፈተና ስጋት ነውና። በአንድ ክፍል ሁለትና ከዚያ በላይ ተማሪዎች ምልክቱ ከታየባቸው ትምህርት ቤቱ በአቅራቢያው ላለው ጤና ጣቢያ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ያሳውቅ።

ከሚከተሉት ምልክቶች አንዱ ሲታይ ግን በቤት መቆየት አይገባም፤ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፦

- መተንፈስ ወይም መዋጥ መቸገር፣ አፍን መክፈት አለመቻል፤
- ከባድ ራስ ምታት ከአንገት መገተር፣ ከተደጋጋሚ ትውከት፣ ከመፍዘዝ ወይም ከሚጥል በሽታ መሰል መንቀጥቀጥ ጋር፤
- ጠንካራ የሆድ ሕመም፤
- ድንገተኛ የመስማት ችግር፤
- የዘር ፍሬ እብጠት ወይም ሕመም።

የመጨረሻው ምልክት ልዩ ማሳሰቢያ ያስፈልገዋል። በአዳጊ ወንዶች ላይ ድንገት የሚነሣ የዘር ፍሬ ሕመም ከጆሮ ደግፍ ብቻ ሳይሆን ከዘር ፍሬው መጠምዘዝም ሊመጣ ይችላል፤ ይህ ደግሞ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሕክምና ካላገኘ ፍሬውን የሚያሳጣ ድንገተኛ ሕመም ነው። ልጆች በኀፍረት ሊደብቁት ስለሚችሉ ወላጆች አስቀድመው ሊያነጋግሯቸው ይገባል።

ድንገተኛ ያልሆነ እብጠት ላለበት ተገልጋይ የመጀመሪያው በር ጤና ጣቢያ ነው። ባለሙያው ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል ብሎ ካመነ የሪፈር ወረቀት ጽፎ ወደ ሆስፒታል ይልካል። በተለይ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላት ይህን ቅደም ተከተል ቢጠብቁ ከኪሳቸው ከማውጣት ይድናሉ። ሲሄዱ የልጁን የክትባት ካርድ፣ እብጠቱ የጀመረበትን ቀን እና እስካሁን የተሰጡ መድኃኒቶችን ዝርዝር ይዘው ይቅረቡ።

ክትባቱን ለሚፈልጉና ወደ ውጭ ለሚጓዙ

ጥምር ክትባቱ በአንዳንድ የግል ጤና ተቋማት በክፍያ ይገኛል። ለመውሰድ የሚፈልጉ ዜጎች ተቋሙ ፈቃድ ያለው መሆኑንና ክትባቱ ቅዝቃዜውን ጠብቆ መቀመጡን ይጠይቁ። ክትባቱ ሕይወት ካለው ነገር ግን ከተዳከመ ቫይረስ የሚሠራ በመሆኑ ለነፍሰ ጡር ሴቶችና የበሽታ መከላከል አቅማቸው በእጅጉ ለተዳከመ ሰዎች አይሰጥም። ይህን ክትባት በግል መውሰድ በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ የሚሰጡትን መደበኛ ክትባቶች አይተካም።

በዳይቨርሲቲ ቪዛ ወይም በቤተሰብ አማካይነት በቋሚነት ወደ አሜሪካ የሚሄዱ ዜጎች በሚደረግላቸው የሕክምና ምርመራ ለዕድሜያቸው የሚያስፈልገውን የጆሮ ደግፍ ክትባት ማስረጃ ይጠየቃሉ፤ በርካታ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎችም ለተማሪዎች ተመሳሳይ ማስረጃ ይጠይቃሉ። በአገር ውስጥ የተሰጠው የኩፍኝ ክትባት ይህን መስፈርት ብቻውን ስለማያሟላ አስቀድሞ ማወቁ በመጨረሻው ሰዓት ከሚያጋጥም መጉላላት ያድናል።

ማጠቃለያ

ጆሮ ደግፍ በአብዛኛው በቀላሉ የሚያልፍ በሽታ ነው፤ ነገር ግን በማደሪያ ቤት ያለን ወጣት ወይም አንድ ጆሮው መስማት ያቆመን ሕፃን ሲነካ ቀላልነቱ ያበቃል። ክትባቱን ወደ መደበኛው መርሐ ግብር ለማስገባት የሚያስፈልገው ከፍተኛ ሽፋን በጤና ተቋማት ጥረት ብቻ አይመጣም። ተቋማት ክትባቱን በሰዓቱና በቅርብ ማቅረብ፣ ወላጅም ቀጠሮውን ማክበር ይጠበቅባቸዋል። ይህን ጽሑፍ ያነበቡ ወላጆች ዛሬ ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ቀላል ነገር አለ፤ የልጅዎን የክትባት ካርድ አውጥተው የአሥራ አምስት ወሩ መስመር መሞላቱን ይመልከቱ። ካልተሞላ በአቅራቢያዎ ወደሚገኘው ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይዘውት ይሂዱ፤ ቀኑ ቢያልፍም ባለሙያው ምን መደረግ እንዳለበት ይነግርዎታል።